ኤርሳዶ የጓጓለት ጌም

ቦሌ ቡልቡላ
ነሐሴ 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

በዓይኔ ሳላያት ለቆየሁት ልጄ ለሐሴት፣

እስከዚህ የጠበቀሽ ጌታ ከዚያ አገር ብርድም፣ ከክፉ ሰው ዓይንም ይሸፍንሽ፤ የእጅሽን ሥራ ይባርክልሽ። እኔ ደህና ነኝ። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ያስቸግረኛል እንጂ ሌላ ሕመም የለብኝም፤ ስሙ ይባረክ።

በወረቀት መጻፌ አይግረምሽ። ቴሌግራም ጠፍቶኝ አይደለም። በስልክ ለአንዱ ዘመድ የተነፈስኩት ሁሉ ሳይውል ሳያድር አጎትሽ ኤርሳዶ ጆሮ እየገባ ተቸግሬ ነው። ፎቅ ላይ የምትኖረው ጎረቤቴ መብራት ሆስተስ ናት። ወደናንተ አገር በበረረች ቁጥር ደብዳቤዬን ልታደርስልኝ፣ መልስሽንም ልታመጣልኝ ቃል ገብታልኛለች። ታማኝ ልጅ ናት፤ አንቺም በእሷ በኩል ላኪልኝ።

ኮንዶሚኒየሙ ሥር ያለችው ጌም ቤቴ እንደምንም ቆማለች። ሁለት ያረጁ ማሽኖች አሉኝ፤ አንዱ ሲግል ይጮኻል። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲወጡ ኳስ ጌም ይጫወታሉ፣ እኔ በር ላይ ተቀምጬ ሹራብ እሠራለሁ፣ ሲጣሉም እገላግላለሁ። ሰሞኑን ግን ኳሱን እየተጫወቱም የሚያወሩት ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ካርሞራ። «ካርሞራ ሲወጣ ሌላው ጌም በሙሉ ያበቃለታል» ይላሉ። ትሬለሩን በስልካቸው እያሳዩ አደረቁኝ። ዝናብ የሚያወርድ ትልቅ ከተማ፣ ማለቂያ የሌለው ድልድይ፣ ካባ የለበሰ ሰውዬ። ፊልም እንጂ ጌም አይመስልም። ይኸው የመሥሪያ ቤትሽ ሥራ መሆኑን ያወቅኩት ከስር የተጻፈውን ስም ሳይ ነው።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። አጎትሽ ኤርሳዶ በዚህ ጌም አብዷል። ኢምፔሪያል ሰፈር ያለውን ጌም ቤት ፎቁንም ጨምሮ ተከራየው። መኪናውን ሸጦ አዳዲስ ማሽኖችና ግድግዳ የሚያክሉ ቲቪዎች አስገባ። ቀለበት መንገዱ ላይ ከሩቅ የሚታይ ባነር ሰቅሏል፤ «ካርሞራ መጀመሪያ እዚህ!» ይላል። ለመክፈቻው ቀን ትኬት እየሸጠ ነው፤ ከኦሎምፒያ ሳይቀር መጥተው የሚገዙ አሉ አሉ።

ያ ቤት የማን እንደነበር ላንቺ አልነግርሽም። እኔና ባለቤቴ ሉቃስ ከአንዲት ትንሽ ቲቪ የጀመርነው ነው። ሉቃስ ሲታመም ንግድ ፈቃዱን የሚያሳድስለት ቢያጣ ወንድሜ ነው ብሎ በኤርሳዶ ስም አዞረው። ሉቃስ ያረፈ ሰሞን፣ ድንኳኑ ሳይነሳ፣ እኔ ፍራሽ ላይ ተቀምጬ ለቀስተኛ ስቀበል፣ እሱ ሄዶ የጌም ቤቱን ቁልፍ አስቀየረ። ወንድሙን ከቀበረ በኋላ እጁን እንኳ በወጉ ሳይታጠብ።

እና ልጄ፣ የምጠይቅሽ አንድ ነገር ብቻ ነው። ይህ ጌም እንደሚወራለት ነው?

አክስትሽ አዝመራ

*

ስቶክሆልም
መስከረም 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ አዝመራ፣

አዲሱ ዓመት የጤናና የዕረፍት ያድርግልዎ። እኔ ደህና ነኝ። እዚህ ቅጠሉ መርገፍ ጀምሯል፤ ከሥራ ስወጣ ጨልሞ ይጠብቀኛል።

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ለመመለስ የዘገየሁት ምን ማለት እንደምችል ሳስብ ነው። የእኔ ሥራ ስህተት መፈለግ ነው። ቀኑን ሙሉ እጫወታለሁ፤ የተበላሸ ነገር ሳገኝ ጽፌ ለሚያስተካክሉት አሳልፋለሁ። ጌሙ እስኪወጣ ድረስ ስለ እሱ ለማንም እንዳልናገር የፈረምኩት ኮንትራት አለ። ብናገር ከሥራ እባረራለሁ።

በትሬለሩ ያዩት ድልድይ እውነት ነው፤ ቆንጆ ነው። የሠሩትም ሰዎች ጎበዞች ናቸው። ከዚህ በላይ አይጠይቁኝ።

እርስዎ ግን አዲስ ማሽን አይግዙ። ለጊዜው ኳስ ጌሙን ይዘው ይቆዩ።

አጎቴ ኤርሳዶ እሳቸውም ደውለውልኝ ነበር። ስለ ጤናቸው አውርተናል።

አክባሪዎ ሐሴት

*

ቦሌ ቡልቡላ
ጥቅምት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለብልኋ ልጄ ለሐሴት፣

ጌታ አንደበትሽን እንደጠበቀው እንጀራሽንም ይጠብቅልሽ። ገባኝ። «አዲስ ማሽን አይግዙ» የሚለውን ደጋግሜ አነበብኩት። ከዚያ ተነስቼ ደረቅ ዳቦዬን እንደ ድግስ በላሁ።

ከሉቃስ ሞት ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ባለፈው እሑድ ፓስተራችን ስለ ይቅርታ ሰበኩ፤ ጉባኤው «አሜን» ሲል እኔም አልኩ። አፌ ነው ያለው። ኤርሳዶ ፊት ለፊት ወንበር ላይ ከሚስቱ ከፈለቀች ጋር ተቀምጦ እጁን አንስቶ ሲዘምር የሸሚዙን እጅጌ እያየሁ ነበር። ሉቃስ ያሰፋው ሸሚዝ ነው። ቁም ሳጥናችንንም አልማረም ማለት ነው።

ስለ ጤናው ለማውራት አይመስለኝም የደወለልሽ። ፈሪ ነው፤ ያን ሁሉ ንብረቱን አፍስሶ ሳያጣራ አይቀመጥም። መልሶ ይደውላል። ሲደውል የምልሽን አድርጊልኝ፤ ሌላ ምንም ጠይቄሽ አላውቅም። ገነት ነው በይው። እንዲህ ያለ ጌም ከተፈጠረ ታይቶ አይታወቅም በይው። የቀረውንም ሸጦ ይጨምርበት።

ይህን በደንብ አስቤበት ጻፍኩት። እንድታውቂው ብዬ ነው።

አዝመራ

*

ስቶክሆልም
ጥቅምት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እትዬ አዝመራ፣

እግዚአብሔር ጉልበትዎን ያጽናልዎ። ይህ ደብዳቤ ረጅም ይሆናል።

ያዘዙኝን ደብዳቤዎ ሳይደርሰኝ በፊት አድርጌዋለሁ። ኤርሳዶ የደወለው ስለ ጌሙ ሊጠይቀኝ ነበር፤ ባለፈው ደብቄዎታለሁ። «የወንድሜ ልጅ፣ እውነቱን ንገሪኝ፣ ልግባበት?» አለኝ። «ይግቡበት፤ ከተወራለት ይበልጣል» አልኩት። ምስጋናው አላባራ አለ። «ደም ደም ነው» አለኝ።

ከዚህ በኋላ እሳቸው እያልኩ መጻፍ አልችልም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ጋሼ ሉቃስ ሆስፒታል በነበሩ ጊዜ ስልካቸው በኤርሳዶ እጅ ነበር። በደወልኩ ቁጥር የሚያነሳው እሱ ነው። አቅርብልኝ ስለው ተኝቷል ይለኛል። ነገሩ አላማረኝም፣ ትኬት ቆረጥኩ። ልመጣ ነው ብዬ ስነግረው እንዲህ አለኝ፤ «በጣም ደህና ነው። ተሽሎታል። አትጨነቂ።» አሁን ብመጣ ሥራዬን እንደማጣ፣ ጋሼ ሉቃስም በዚህ እንደሚያዝኑብኝ ነገረኝ። ትኬቱን መለስኩት። በዚያው ሳምንት አረፉ።

አባቴ ሲሞት ከሆሳዕና አምጥተው ያሳደጉኝ ሰው ናቸው። ጆይስቲክ መያዝ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ዛሬ እዚህ የምበላው እንጀራ ከዚያ ቤት የመጣ ነው። ለምን እንደከለከለኝ የገባኝ ቁልፉን መቀየሩን ስሰማ ነው። ብመጣ ኖሮ ጋሼ ሉቃስ ቤቱ የእርስዎ መሆኑን በእኔ ፊት ይናገሩ ነበር፤ ያን ነው የፈራው። ለእርስዎ ያልነገርኩዎት በሐዘንዎ ላይ ሌላ ሸክም እንዳልጨምር ነው።

ጌሙን ከጠየቁኝ፣ አልደረሰም። ሰው መሬት ውስጥ ይሰምጣል። ፊት የሌላቸው ሰዎች ይሄዳሉ። ያንን የሚያምር ድልድይ ሰው ሲረግጠው ማሽኑ ቀጥ ይላል። የጻፍነው ስህተት ተከምሯል፤ አለቆቻችን ግን ቀኑን ለዓለም ተናግረዋል፣ ማስታወቂያውም ተሠርቷል፣ ስለዚህ እንዳለ ይወጣል።

ኅዳር ሰባት ቅዳሜ ነው። ከቻሉ ሄደው ይዩልኝ።

ሐሴት

*

ቦሌ ቡልቡላ
ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሐሴት፣

ደብዳቤሽን ቆሜ ጀምሬ መሬት ላይ ተቀምጬ ጨረስኩት። መብራት ውሃ አመጣችልኝ።

ሉቃስ ይጠይቅሽ ነበር። ዓይኑ በሩ ላይ ነበር። «ሐሴት መጣች?» ይለኛል። እኔ ኤርሳዶን ስጠይቀው «ሥራ ይዟታል፣ አልመጣም ብላለች» አለኝ። ይህንኑ ለሉቃስ ነገርኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ልጄ ሆይ፣ እኔ አንቺን ተቀይሜሽ ነበር። ለምን አልመጣችም እያልኩ ስንት ቀን በሆዴ ወቅሼሻለሁ።

ቅዳሜ እሄዳለሁ። ከሁሉም ፊት እቆማለሁ።

አዝመራ

*

ቦሌ ቡልቡላ
ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሐሴት፣

ዓይኔን ለዚህ ቀን ያቆየልኝ ይመስገን። ፓስተሬ ይህን ቢያዩ ምን ይሉኝ ይሆን? ይበሉ።

ቅዳሜ ከሰዓት ኢምፔሪያል ስደርስ ሰልፉ እስከ ታክሲ መያዣው ደርሷል። ዲጄ ቆሟል፣ ጄኔሬተር ተዘጋጅቷል፣ ኤርሳዶ ሙሉ ልብስ ለብሶ በር ላይ እንደ ሙሽራ አባት ሰው ያስገባል። እኔ በነጠላ ተሸፋፍኜ ከሕዝቡ ጋር ፎቅ ወጣሁ። አላወቀኝም።

ጌሙን በሳምንቱ ውስጥ አስጭኖት ነበር፤ ሊከፍቱት ሲሉ ግን ሌላ አፕዴት ጠየቀ። ዋይፋዩ ይንቀረፈፋል። ሰው ላብ በላብ ሆነ። ኤርሳዶ ማይክ ይዞ «ትንሽ ታገሱ፣ ዓለም በሙሉ እኩል እያወረደ ስለሆነ ነው!» ይላል። ዲጄው የያዘውን ዘፈን ጨርሶ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ።

በመጨረሻ ተከፈተ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ደነገጥኩ። ያ ከተማ በትልቁ ቲቪ ላይ ሲመጣ፣ ዝናቡ ሲወርድ፣ መብራቶቹ ኩሬው ላይ ሲያበሩ፣ ያ ሁሉ ጎረምሳ ወደ ቲቪው ተጠጋ። አጠገቤ ያለው ወጣት «ወይኔ!» ብሎ ራሱን ያዘ። «በሐሴት ቀልደውባት ነው፣ ጌሙ ደህና ነው፣ ኤርሳዶ ሊከብር ነው» አልኩ በልቤ። ኤርሳዶ ሲስቅ ሉቃስን ይመስላል። ያኔ በጣም ነው የጠላሁት።

ከዚያ ያ ካባ የለበሰው ሰውዬ ድልድዩ ላይ አንድ እግሩን ሲያሳርፍ ወደ ታች ሰመጠ። ሰምጦ ነጭ ባዶ ነገር ውስጥ ተንሳፈፈ። ተጫዋቹ እንደገና ጀመረ፤ እንደገና ሰመጠ። ሁለተኛው ቲቪ ላይ ገበያ መሀል የሚሄዱት ሰዎች ፊት የላቸውም፤ ዓይንና ጥርስ ብቻ አየር ላይ ይሄዳል። ሦስተኛው ደርቆ ቀረ። መጀመሪያ ሰው ሳቀ። እንዴት ያለ ሳቅ መሰለሽ! ኤርሳዶን ስድቡ ሳይሆን ሳቁ ነው የገደለው። ስልክ እያወጡ ይቀርጹት ጀመር። «ይሄን ነው ወር ሙሉ ያስጠበቅከን?» «ገንዘባችንን መልስ!» የሚል ተነሳ።

ወንበር ላይ ወጣ። «የወንድሜ ልጅ እዚያው መሥሪያ ቤት ናት! አሁን በፊታችሁ ትነግራችኋለች!» አለና ስልኩን ደውሎ ማይኩን አስጠጋበት። ጥሪው በአዳራሹ ሁሉ ተሰማ። እኔ እዚያው ደረቅኩ። ከዚያ ድምፅሽ መጣ።

«አቤት አጎቴ።»

«ሐሴት! ይሄ ነገር ምንድን ነው? ጌሙ ምን ሆነ?»

 ከዚያ ረጋ ብለሽ፣ «በጣም ደህና ነው። ተሽሎታል። አይጨነቁ» አልሽ።

ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ፤ ቀልድ መሰላቸው። ከዚያ ሁሉ ሰው የገባው ለእኔና ለእሱ ብቻ ነው። ደሙ ከፊቱ ሲሸሽ አየሁ። «ምን አልሽ?» አለ፤ አንቺ ግን ዘግተሽዋል። ማይኩን እንደያዘ ቀረ። ያኔ ነጠላዬን ከፊቴ ገለጥኩና በደንብ እንዲያየኝ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። አየኝ። ከወንበሩ ወረደ።

ከዚያ በኋላ ወንበር ተወረወረ፣ አንድ ቲቪ ተሰነጠቀ፣ ጥበቃው ሰዉን ገፍቶ አስወጥቶ በሩን ዘጋው። እኔ በእግሬ እስከ ገርጂ ሄድኩ። ጉልበቴ አላመመኝም።

አሁን የምጠይቅሽ፣ ይህ ጌም ሞቶ የሚቀር ነው ወይስ ይነሳል?

አዝመራ

*

ስቶክሆልም
ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ አዝመራ፣

የገናው ጾም ለሚጾሙት ጎረቤቶችዎ የበረከት፣ ለቤትዎም የሰላም ይሁን።

ስልኩ ሲጠራ ምሳ ቤት ነበርኩ። የኤርሳዶን ስም ሳይ ምን ሰዓት እንደሆነ አሰብኩና ገባኝ። ከኋላው የሰው ጩኸት ይሰማኛል። ምን እንደምለው አላዘጋጀሁም ነበር፤ ያ ቃል ራሱ መጣልኝ። ከዘጋሁ በኋላ ምሳዬን ጨረስኩ።

እዚህ ቢሮው የለቅሶ ቤት ሆኗል። ከዓለም ዙሪያ ስድብ ይዘንብብናል። ገንዘባቸውን የሚጠይቁ ሰዎች ብዛት አይነገርም። ድልድዩን የሣለው ልጅ ጠረጴዛው ሥር ተቀምጦ ሲያለቅስ አግኝቼዋለሁ። የሚገርመው ያዘንኩት ለእሱ ነው፤ ለአጎቴ ግን ምንም አልተሰማኝም።

የጠየቁኝን ልመልስ። ይነሳል። አለቆቻችን ሌላውን ሥራ ሁሉ አስቁመው በዚህ ላይ አስቀምጠውናል። ያን የተከመረ ስህተት አሁን የሚያስተካክሉ ሰዎች ተሰጥተውናል። በፋሲካ አካባቢ ትልቅ አፕዴት ይወጣል። በየቀኑ እጫወተዋለሁና አውቃለሁ፤ ያኔ የተባለውን ይሆናል፣ ምናልባትም ይበልጣል። ውጭ ያለ ሰው ይህን አያምንም። ሁሉም ቀብሮታል።

ኤርሳዶም ቀብሮታል። ማሽኖቹን መሸጡ አይቀርም። እትዬ፣ ሲሸጥ ይግዙት። ቤቱንም ይከራዩት።

ሐሴት

*

ቦሌ ቡልቡላ
የካቲት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ፣

ያሰብሽውን የፈጸመልሽ ጌታ ዕድሜሽን ያርዝመው። ተፈጽሟል።

የትኬቱን ገንዘብ ሲመልስ ከረመ፤ ኪራዩንም መክፈል አቃተው። ማሽን የሚጠግንልኝ ወንድወሰን የሚባል ሰው አለ፤ ገዢ አስመስዬ እሱን ላክሁት። እቁቤ ደርሶኝ ነበር፣ ወርቄንም ሸጥኩ። ወንድወሰን እንደነገረኝ ኤርሳዶ ዕቃውን ሲያስረክበው «የሞተ ጌም ማሽን የሚገዛ ሞኝ አይጠፋም!» ብሎ ሲስቅ ነበር። ይህን ሲነግረኝ ሁለት ጊዜ አስደገምኩት።

የሕንፃው ባለቤትም ሉቃስን ያውቁት ነበርና ቤቱን በስሜ አከራዩኝ። የመጀመሪያው ቀን ስገባ ግድግዳውን ነካሁት። ሉቃስ ራሱ የቀባው ቀለም ከአዲሱ ሥር ተልጦ ይታያል።

እስካሁን የእኔ መሆኑን ኤርሳዶ አያውቅም። ኳስ ጌም እያጫወትኩ እጠብቃለሁ። ያ ፋሲካ ግን እንዳይዋሸኝ። ሌሊት ሌሊት ይህን እያሰብኩ እገላበጣለሁ።

አዝመራ

*

ስቶክሆልም
ሚያዝያ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ አዝመራ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎ።

ወጣ። አሁንስ ልጆቹ ሳይነግሩዎት አልቀሩም። ትናንት ዕረፍት ወስጄ ቤቴ ተቀምጬ እንደማንኛውም ሰው ተጫወትኩት። ስህተት ልፈልግ አልነበረም፤ ዝም ብዬ ተጫወትኩ። ድልድዩን ከዳር እስከ ዳር ተሻገርኩት። ከማዶ ሲደርሱ ዝናቡ ያቆምና ከተማው በሙሉ ከሥርዎ ይታያል። ጋሼ ሉቃስ ቢኖሩ ጆይስቲኩን አስቀምጠው እጃቸውን አጣጥፈው ዝም ብለው ያዩት ነበር። ከተወራለት ይበልጣል። ለኤርሳዶ የነገርኩት ውሸት እውነት ሆነ፤ ለእሱ ግን አልሆነለትም።

ሲያውቅ ምን እንዳለ ይጻፉልኝ። አንዲት ቃል አትቅርብኝ።

ሐሴት

*

ቦሌ ቡልቡላ
ሐምሌ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሐሴት፣

በቤትሽ ሰላም ይደር። ሥራ በዝቶብኝ ዘገየሁ። ፎቁም ምድሩም ይሞላል። ዩኒቨርሲቲ የጨረሱ፣ ደሞዝተኞች ሳይቀሩ ከሥራ መልስ ክራባታቸውን እየፈቱ ይመጣሉ። ባነር ሰቅያለሁ፤ በላዩ «ሉቃስ ጌም ቤት» ብዬ አስጽፌበታለሁ።

ኤርሳዶ ያወቀው ባነሩን አይቶ ነው። በማግስቱ ከፈለቀችና ከፓስተሩ ጋር መጣ። ከስቷል። ሰው ፊት ጉልበቱ ላይ ወደቀ።

«አዝመራ፣ በእግዚአብሔር ፊት በድዬሻለሁ። ይቅር በይኝ» አለ።

ፓስተሩ «እህቴ፣ ምን ትያለሽ?» አሉኝ።

«ይቅር ብያለሁ» አልኩ። ምን ልበል? ፓስተሩ ጸለዩ፣ ፈለቀች አለቀሰች፣ አንገቴን አቅፋ ሳመችኝ። ከዚያ ኤርሳዶ ዓይኑን ጠራርጎ ዙሪያውን አየና፣ «እንግዲያው ላግዝሽ። ካሸር ላይ እንኳ አስቀምጪኝ። ሥራውን አውቀዋለሁ» አለ።

«ኤርሳዶ፣ ሉቃስ ሐሴትን ሲጠይቅ ምን ነበር ያልከኝ?» አልኩት።

 ፓስተሩ ግራ ገባቸው።

«ለፓስተሩ ንገራቸው።»

ነገራቸው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ስልኩን፣ ትኬትሽን፣ የሉቃስን ጥያቄ፣ ሁሉንም። ፈለቀች አታውቅም ኖሯል፤ እጇን ከክንዱ ላይ አነሳች። ሲጨርስ፣ «ነገርኳቸው፤ አሁንስ?» ብሎ ቀና አለ። ሥራ ትሰጠኛለች ብሎ ነው የተናገረው።

«አሁን ሂድ» አልኩት።

«እህቴ!» አሉ ፓስተሩ።

«ይቅር ብዬዋለሁ ፓስተር፤ በፊትዎ ነው ያልኩት። እዚህ ቤት ግን አይሠራም።»

ወጣ። ደረጃውን ሲወርድ የእግሩን ድምፅ እስከ ታች ሰማሁት። ደስ አለኝ ልጄ፤ አልዋሽሽም።

አሁን የሰው ሚኒባስ ይዟል። ከኢምፔሪያል የሚጭነው ከእኔ በር ፊት ለፊት ነው፤ ሌላ ተራ የለውም። መጀመሪያ ሰሞን ፊቱን ያዞር ነበር። እኔ ወንበሬን አውጥቼ በር ላይ አደረግኩት። ተራው እስኪደርስ ይቆማል፤ እኔ ሹራቤን እየሠራሁ እቀመጣለሁ። የሚገባ የሚወጣውን ሰው ይቁጠር።

አዝመራ

*

ስቶክሆልም
መስከረም 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእትዬ አዝመራ፣

ዓመቱ የበረከት ይሁንልዎ።

ደብዳቤዎን ብዙ ቀን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። አንድ ጓደኛዬ ነገሩን ሁሉ ስነግራት «አልጸጸተሽም?» አለችኝ። በደንብ ፈለግኩት፤ ሥራዬ መፈለግ አይደል? አላገኘሁም። ጋሼ ሉቃስ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞሩባት ሰዓት ትመጣብኛለች እንጂ ሌላ ነገር አይመጣብኝም። ያቺ ሰዓት አልተመለሰችልኝም።

እርስዎስ? እንዳሰቡት ሆነልዎት?

ሐሴት

*

ቦሌ ቡልቡላ
ኅዳር 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለሐሴት፣

ጌታ ልብሽን ያሳርፍልሽ። የእኔንም።

ሆኖልኛል። ቤቱ የእኔ ነው፣ የሉቃስ ስም በሩ ላይ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ልጆቹ አስገድደው ካርሞራን አጫወቱኝ። ያን ድልድይ እየተደናበርኩ ተሻገርኩት፤ ጮኹልኝ፣ አጨበጨቡልኝ። እንዳልሽው ነው። የሚያምር ነገር ነው።

ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። ኤርሳዶ ከተራው ጠፍቷል።

መጀመሪያ መኪናው ተበላሽቶበት መሰለኝ። ጠዋት ወንበሬን አወጣሁ፣ ሚኒባሶቹ አንድ በአንድ ሞልተው ሄዱ፣ እሱ የለም። በማግስቱም የለም። ሳምንት ሲሆነው ተራ አስከባሪውን ጠየቅኩት። «ኤርሳዶ? መኪናውን ለባለቤቱ መልሷል። ወዴት እንደሄደ እንጃ» አለኝ። ፓስተሩን በዘዴ ጠየቅኳቸው፤ ፈለቀች ብቻዋን ነው የምትመጣው አሉኝ። እሷን ልጠይቃት ጠጋ ብል ሰላም ብላኝ አለፈች። ሆሳዕና ገብቷል የሚል አለ፤ ታሟል የሚልም አለ።

ትናንት ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። የካርሞራ ሁለተኛ ክፍል ይሠራል የሚል ወሬ መጥቶ ልጆቹ በደስታ ጣራውን ሊያነሱት ደረሱ። እኔ በር ላይ ተቀምጬ የሚያቆመውን ሚኒባስ ሁሉ ሹፌሩን እያየሁ ዋልኩ። ሹራቡን ሳየው የሠራሁት ሁሉ ተዛብቷል፤ ፈታሁት።

ከውጭ የተደወለ ስልክ ያነሳ ይሆናል። እስቲ ደውይለት። የት እንዳለና እንዴት እንደሆነ ብቻ ጠይቂልኝ። እኔ እንዳስጠየቅኩሽ ግን አትንገሪው። 

አክስትሽ አዝመራ